መጀመሪያ ግምት፣ ቀጥሎ ሜትር፦ ለድሬ ሰፈር ልጆች የሚሆን የእጅ ሳይንስ

የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ሳይንስ በእጅ ማሠራት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ዕቃውን ከየት ላምጣ?" ብሎ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃ ችግር ሆኖ አያውቅም። ታይዋን ገበያ ሂዱ፣ ሞተር የሚጠቀልሉት ልጆች በር ላይ ቁሙ፣ የጎረቤት ግቢ ጥግ እዩ። ሞልቷል። ችግሩ ሌላ ነው። ሶዳና ኮምጣጤ ቀላቅሎ አረፋ ማስገንፈል ልጆችን ያስጮሃል። ያጨበጭባሉ፣ ይስቃሉ፣ ቤታቸው ይገባሉ። በነጋታው "ትናንት ምን ተማራችሁ?" ስትሏቸው "አረፋ ወጣ" ይሏችኋል። ትርኢት ነው። ትርኢት አልጠላም፤ ግን ቅዳሜዬን አልሰጠውም።

እኔ የቶርኖ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ብረት ስቀርጽ ነው ያሳለፍኩት። በእኛ ሥራ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የወፈረ ዘንግ ኩሽኔታው ውስጥ አይገባም፤ ለምነህም፣ በመዶሻ መትተህም አይገባም። ልጆቹንም የማሠራው በዚሁ ልማድ ነው። እጃቸው ዕቃ ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚሆን ይገምታሉ፤ ግምቱን በደብተር ይጽፋሉ፣ ስማቸውን ከጎኑ ያኖራሉ። ከዚያ ይሠራሉ። ከዚያ ይለካሉ። ግምቱና ልኬቱ ሲጣሉ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው።

ስለ አደረጃጀቱ ብዙ አላወራም። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ የልጆቹን ራስ ይይዛል። ከምሳ በኋላ ደግሞ እረዳለሁ ያላችሁ ጎልማሳ የት እንደሚገኝ የድሬ ሰው አይጠፋውም፤ በርጫውን ጥሎ አይመጣላችሁም። የኒም ዛፍ ጥላ ካለ አዳራሽ አትፈልጉ። ልጆቹን በአራት በአራት ክፈሉ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ስህተት ይፈልጋል። በየሳምንቱ ሥራው ይዞር፤ ካላዞራችሁት ልጃገረዶቹ ሁልጊዜ እስክሪብቶ፣ ወንዶቹ ሁልጊዜ ፒንሳ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። በቋንቋም ቀላቅሏቸው። በአማርኛ ያልገባው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ከጓደኛው ይገባዋል። የሚያስረዳው ልጅ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ይማራል።

ባቡሩን ማን ያዞረዋል?

በዚህ ጀምሩ። ድሬ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ሐረር የሚወስደው ዳገት ለባቡር አልመች ስላለ ሀዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ ከተማዋም እዚያው በቀለች። ይህን እያንዳንዱ ልጅ ከአያቱ ሰምቶታል። እናንተ ግን ሌላ ጠይቋቸው፦ "ባቡር መሪ የለውም። ታዲያ መታጠፊያ ላይ ማን ያዞረዋል?"

ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ "ጋሼ፣ ጎማው ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ ይይዘዋል" ይላል። እውነት ነው፣ ከንፈር አለው። ግን መጠባበቂያ ነው። ሁልጊዜ በከንፈሩ ሀዲዱን እየፋቀ ቢሄድ ብረት ብረትን በልቶ ይጨርሰው ነበር። ዋናውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ። እሱን ይፈልጉት።

ለአንድ ቡድን አራት የወረቀት ኩባያ፣ ስኮች፣ አንድ ባዶ የቲማቲም ጣሳና ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ያስፈልጋሉ። የመጋረጃ ብረት ጥሩ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር አይነስ። ዘንጎቹን በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን አስተኙና በአንድ ጫፍ ሥር መጽሐፍ አድርጉ፤ ቁልቁለቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ይበቃል። ሁለቱን ኩባያዎች አፍ ለአፍ ግጠሙና በስኮች አጣብቁ። መሃሉ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ይሆናል። የቀሩትን ሁለቱን ቂጥ ለቂጥ አጣብቁ። ይህን ስትሉ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። የዚህኛው መሃሉ ቀጭን፣ ጫፉ ወፍራም ነው።

አሁን ግምት። ከሦስቱ ማለትም ከወፍራም መሃል፣ ከቀጭን መሃልና ከጣሳው ታች ሳይወድቅ የሚደርስ የትኛው ነው? አብዛኛው ልጅ ቀጭን መሃሉን ይመርጣል፤ "ሀዲዱን ያቀፈው እሱ ነው" ይላሉ። ደግሞም ሲያዩት ያቀፈ ይመስላል። እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ይልቀቁትና ስንቱን እንደደረሰ ይጻፉ። ቀጭን መሃሉ ትንሽ እንዳዘመመ ይወድቃል። ጣሳው አንዴ ካዘመመ በዚያው ይሄዳል። ወፍራም መሃሉ ግን ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ታች ይደርሳል።

እዚህ ላይ "ለምን?" ብላችሁ መልሱን ራሳችሁ አትስጡ። ክር ስጧቸው። በክሩ የኩባያውን ዙሪያ አንዴ ከአፉ አጠገብ፣ አንዴ ከታቹ አጠገብ ይለኩ። በተለመደው የወረቀት ኩባያ አፉ ዙሪያውን 25፣ ታቹ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ዙር አንዱ ጎን ከሌላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ረጅም ሰውና ሕፃን እጅ ለእጅ ተያይዘው እኩል እርምጃ ቢቆጥሩ ወደ ሕፃኑ በኩል እንደሚታጠፉት ነው። ወፍራም መሃሉ ወደ ግራ ሲንሸራተት ግራው ዘንግ ወፍራሙን፣ ቀኙ ዘንግ ቀጭኑን ያገኛል። ግራው ይቀድምና ኩባያውን ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። የባቡር ጎማም እንዲሁ ነው፤ ከንፈሩ ባለበት በውስጥ በኩል ትንሽ ወፍሮ ወደ ውጭ ይሾላል። ይህ ነገር ለዓይን አይታይም። ቶርኖ ላይ ግን አንግሉን ማስተካከል ግዴታ ነው።

ትልልቆቹ ቶሎ ከጨረሱ ችግር ጨምሩላቸው። ኩባያውን ከመሃል 1፣ 2፣ 3 ሴንቲ ሜትር አርቀው ያስቀምጡ፤ ከስንት ላይ መመለስ ያቅተዋል? ቁልቁለቱ ቢጨምርስ? የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበትን የፕላስቲክ ቱቦ በስሱ አጥፈው መታጠፊያ ይሥሩ፤ ይዞራል ወይስ ይወጣል? አንድ ቀን ደግሞ ከጥበቃው ፈቃድ ጠይቃችሁ የድሮውን ሀዲድ ስፋት ያስለኩ። ከውስጥ እስከ ውስጥ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ ባቡር 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ሀዲድ ላይ የማይሄደው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

ጥላ የሚጠፋበት ቀን

ይህኛው ቀኑን ይመርጣል፤ የጠዋቱም ሕግ ለዚህ አይሠራም። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ ከአናታችን በላይ ታልፋለች፦ አንዴ ሚያዝያ 7 አካባቢ፣ አንዴ ነሐሴ 22 አካባቢ። በዚያ ሰዓት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት ሚያዝያን ያዙ። ሐረር በአንድ ቀን ገደማ ልዩነት ያው ነው።

አንድ ሜትር ፌሮ ቁረጡ፣ አሸዋ በሞላ ጣሳ አቁሙት፣ በቱንቢ ቀጥ አድርጉት። ለጥ ያለ ሲሚንቶ ወለል ፈልጉ። ከ5:40 ጀምሮ እስከ 6:45 በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ፀሐይን ቀና ብሎ ማየት ክልክል ነው፤ ጥላው ስላለ የሚያስፈልግም አይደለም።

መጀመሪያ የሚገርማቸው ሰዓቱ ነው። ሁሉም "6 ሰዓት ሲሆን ጥላው ያጥራል" ብሎ ይገምታል። ድሬ ላይ በሚያዝያ ጥላው በጣም የሚያጥረው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6:12 ገደማ ነው። ሰዓታችን የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው የ45 ዲግሪ የኬንትሮስ መስመር ነው፤ እኛ 42 ሊሞላ ጥቂት በቀረው ላይ ነን። ፀሐይ እያንዳንዷን ዲግሪ ለመሄድ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ያባዙት። ነገሩ በዚህም አያበቃም። በጥቅምት መጨረሻ ይህንኑ ብትለኩ ለ6 ሰዓት 4 ደቂቃ ሲቀረው ያጥራል፤ በየካቲት መጀመሪያ 6:26 ገደማ ይሆናል። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄደው እኩል ፍጥነት ይዛ፣ ቀጥ ብላም ስላልሆነ ነው። ዓመቱን ሙሉ በወር አንዴ የሚለካ ቡድን ካገኛችሁ ይህን ራሱ ያገኘዋል።

ሁለተኛው የሚገርማቸው አቅጣጫው ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ የአንድ ሜትር ዘንግ 65 ሴንቲ ሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ግን ወደ ደቡብ። በታኅሣሥ ምልክት ያደረገች አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ በሰኔ መጥታ "ጋሼ፣ ሰው ጣሳውን አዙሮታል" አለችኝ። ማንም አልነካውም። ቱንቢ ጥላ፣ ፌሮውን ፈትሻ፣ ልትቀበለኝ ስላልፈለገች እንደገና ለካች። እንዲህ ያለ ልጅ ስታገኙ አትቸኩሉ፣ "እመኚኝ" አትበሉ። ትለካ።

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ካሉ ምድርን ይለኩ። ኤራቶስቴነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ላይ የሠራው ነው። በአንዱ ከተማ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በሌላው ከተማ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለች አይቶ የምድርን ዙሪያ አሰላ። እኛ ደግሞ ድሬ ጥላ በጠፋበት ቀን መቀሌ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ በስልክ እንጠይቃለን። እዚያ የአንድ ሜትር ዘንግ በአጭሩ ሰዓት 6.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይኖረዋል። በወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርተው በፕሮትራክተር ሲለኩት 4 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ 3.9። በካርታ ላይ ከድሬ ኬክሮስ እስከ መቀሌ ኬክሮስ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት 430 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የአስፋልቱን ርቀት እንዳይወስዱ ተጠንቀቁ። 360ን ለ3.9 ማካፈል፣ በ430 ማባዛት። 40,000 ኪሎ ሜትር አጠገብ ይወጣል፤ ትክክለኛው ዙሪያም እዚያው ነው።

እዚህ ላይ የቶርኖ ሰው ይናደዳል። ጥላው ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት ምድርን በ600 ኪሎ ሜትር ያወፍራታል ወይም ያቀጥናታል። የፌሮ ጥላ ጫፍ ደግሞ ደብዛዛ ነው፤ ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች ጫፉ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይሟሟል። መላው ይህ ነው። ጫፉን ተዉትና በካርቶን ላይ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ብሱ። ካርቶኑን ከአንድ ሞራሌ አናት ላይ በአግድም ወደ ጎን አውጥታችሁ ምቱ፤ ቀዳዳው ከወለሉ ልክ 1 ሜትር ይሁን። ከቀዳዳው ቱንቢ ጣሉና የነካበትን ነጥብ ወለሉ ላይ ጻፉ። በቀዳዳው የሚያልፈው ብርሃን ክብ ሆኖ ወለሉ ላይ ይወርዳል። የክቡን መሃል መያዝ የጥላ ጫፍ ከመያዝ በጣም ይቀላል። ርቀቱን ከቱንቢው ነጥብ ጀምራችሁ ለኩ። መቀሌ ያለው ሰውም እንዲሁ እንዲያደርግ ቀድማችሁ ንገሩት።

የሐረርን አየር በሃይላንድ

ይህ ከሁሉም የሚረክስ ሥራ ነው። ዛሬ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ፈልጉ፤ በየቤቱ አለ። ባዶ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ስጡት። ሐረር ሲደርስ ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ያቆየዋል፣ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ይዞት ይወርዳል። ሐረር 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ሚኒባሱ የደንገጎን ጥምዝምዝ ሲወርድ ጆሯችሁ የሚደፈነው፣ ጠርሙሱም ጎኑ የሚጨማደደው በአንድ ምክንያት ነው።

ልጆቹ የተጨማደደውን ጠርሙስ ከማየታቸው በፊት ይገምቱ፦ ይነፋል፣ ይጨማደዳል ወይስ ምንም አይሆንም? ከዚያ ይለኩ። ባልዲ ሙሉ ውሃ አቅርቡ። ጠርሙሱን አፉን ወደ ታች አድርገው ውሃ ውስጥ ይክተቱና ክዳኑን እዚያው ውሃ ውስጥ ይክፈቱ። ጠርሙሱ ቅርጹን ሲመልስ ውሃ ይጎትታል። ውስጥ ያለውን ውሃ ከውጭው ጋር እኩል አድርገው ክዳኑን ይዝጉ፣ ያውጡ፣ ያገኙትን ውሃ መርፌ በሌለው አዲስ ስሪንጅ ይስፈሩ።

ግፊቱን ብቻ ካሰላችሁ የአየሩ መጠን በ7 ወይም በ8 ከመቶ መቀነስ አለበት። ግን ድሬ ከሐረር ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ አየርን ይነፋል። ሁለቱ ተጣጥለው 5 ከመቶ አካባቢ ይቀራል። ከ2 ሊትር ወደ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ማለት ነው። ጠርሙሱን መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብታቆዩት ቁጥሩ ይጨምራል፤ ይህን ትልልቆቹ ራሳቸው ያስቡበት።

ያልተሟሸ ማሰሮ

ድሬ ላይ ፍሪጅ የሌለው ቤት ውሃውን በእንስራ ያቀዘቅዛል። ልጆቹ ያውቁታል፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ይህንኑ አሳድጎ ማሰሮ በማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልቶ አትክልት ማቆያ ሠርቶ በዓለም ታውቆበታል።

ትልቅና ትንሽ ማሰሮ ግዙ። ስትገዙ ሻጯን "ያልተሟሸ" በሏት። የተሟሸ ማሰሮ ዘይት ጠጥቶ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ውሃ አያስተነፍስም፣ ስለዚህ አያቀዘቅዝም። ትንሿን በትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ቦታ ይኑር፣ እዚያ የወንዝ አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን አርሱ። ትንሿ ውስጥ 1 ሊትር ውሃ ጨምሩና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ከጎኑ 1 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ጆግ አስቀምጡ። ያለ ጆጉ ሥራው ከንቱ ነው፤ ማወዳደሪያ የለማ። ሁለቱም ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ይሁኑ። በየግማሽ ሰዓቱ በቴርሞሜትር ይለኩ። ሜርኩሪ ያለበትን ቴርሞሜትር ልጆች እጅ አትስጡ፤ ቀዩ ወይም ባለ ባትሪው ይሻላል።

እስከዚህ ምልከታ ነው። ምህንድስናው የሚመጣው ቡድኖቹን "ከሁሉ የሚያቀዘቅዘውን ሥሩ" ስትሏቸው ነው። አንዱ አሸዋውን በከሰል ደቃቅ ይለውጣል፣ አንዱ ጆንያ ያለብሰዋል፣ አንዱ ከመሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ነገር ብቻ እንዲለውጡ አስገድዷቸው። ሁለት የለወጠ ቡድን የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

ስሌት ለሚወዱት ደግሞ አለ። 1 ግራም ውሃ ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 4,200 ጁል መውጣት አለበት። ስለዚህ 10 ግራም ብቻ ቢተን ሊትሩ ቢበዛ በ5.7 ዲግሪ ያህል ሊቀዘቅዝ ይችላል። በተግባር ይህን ያህል አይወርድም፤ ከውጭ ሙቀት ይገባል፣ ማሰሮውና አሸዋውም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ልዩነቱን ይፈልጉት። መጨረሻ ላይ የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ሸፍነው ያራግቡት። የሚያነቡት ዲግሪ ወለሉ ነው። ምን ቢፈላሰፉ ማሰሯቸው በዚያ አየር ከዚያ በታች አይወርድም። አየሩ ሲደርቅ ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ዝናብ ሲመጣ ከፍ ይላል። በክረምት እንስራው የሚሰንፈው ለዚህ ነው።

ደቻቱ በሳፋ ውስጥ

ይህን ስታሠሩ ቀስ በሉ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል፤ ዘመድ ያጣ ቤት በቡድናችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እንደ ጨዋታ አትጀምሩት። የምትጀምሩት በአንድ ሕግ ነው፦ ድሬ ላይ ደመና ባይኖርም፣ አሸዋው ደረቅ ቢሆንም፣ በክረምት ደቻቱ ውስጥ አይገባም። ጎርፉ የሚመጣው ወደ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ከዘነበው ነው።

ሰፊ ሳፋ በአንድ ጎኑ ከፍ አድርጉ፣ አፈርና አሸዋ ሙሉበት፣ በመሃሉ ወንዝ ቅረጹ፣ በወንዙ ዳር የክብሪት ቀፎ ቤቶች ደርድሩ። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በሳስታችሁ 1 ሊትር ውሃ ከላይኛው ጫፍ አዝንቡ። ውሃው ታች እስኪደርስ ስንት ሴኮንድ ፈጀ? ስንት ቤት ወደቀ? አሁን ከላይ ያለውን ቁልቁለት ሣር አልብሱት ወይም እርከን ሥሩበትና ያንኑ 1 ሊትር በዚያው ፍጥነት አዝንቡ። ሰዓቱ ይረዝማል፣ ውሃውም ይጠራል።

ቀጥሎ ግንብ። ጋቢዮን ለመሥራት የሽንኩርት መረብ ቆርጣችሁ ጠጠር ሙሉበትና በሽቦ ስፉት፤ አውራ ጎዳና ዳር ከሚታየው ጋር አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን እኩል ጠጠር ብቻ ስጡ። ጠጠር ገንዘብ ነው፤ ካለቀ አለቀ። ሁሉንም ከቤቶቹ ፊት የሚደረድርም አለ፣ ግማሹን ከላይ የሚያኖርም አለ። የማን እንደጸና ውሃው ይነግራቸዋል። አንድ ቡድን ግንቡን በአንድ ዳር ብቻ ሠርቶ የራሱን ቤቶች ሲያድን የማዶዎቹን ሲያጥለቀልቅ ካያችሁ አቁሙና አወያዩ። ከሥራው ሁሉ የከበደው ጥያቄ እሱ ነው።

ሞተር በባትሪ ድንጋይ

አጭር ላድርገው። የግድግዳ ሶኬት አይነካም፣ የስልክ ባትሪ አይፈታም። አንድ ትልቁ የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ ከተቃጠለ ፋን የተፈታ ቫርኒሽ ያለው የመዳብ ሽቦ። ሽቦውን በባትሪው ዙሪያ አሥር ጊዜ ያህል ጠምጥማችሁ አውጡት፣ ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። መርፌ ቁልፎቹን በባትሪው ሁለት ጫፎች በስኮች አጣብቁ፤ ጥምጥሙ በቀዳዳቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ ማግኔቱ ከሥሩ ባትሪው ላይ ይቀመጣል።

የማይዞርበት ምክንያት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቫርኒሹ ነው። አንዱን ጫፍ ዙሪያውን ሙሉ ፋቁት። ሌላውን ጫፍ ግን ጥምጥሙን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ የላይኛውን ግማሽ ብቻ ፋቁ። ሁለቱም ሙሉ ከተፋቁ ግማሽ ዙር ገፍቶ ግማሽ ዙር ይጎትትና ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ለአንድ ቡድን ሆን ብላችሁ ሙሉ የተፋቀ ስጡና ችግሩን ይፈልጉ። ሲዞር ደግሞ ዝም ብለው እንዳያዩት፤ ጥምጥሙን ከአሥር ወደ ሃያ ሲያሳድጉት ፍጥነቱ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይጻፉ፤ በስልክ ቀስ በሚለው ቪዲዮ ቀርጸው ዙሩን ይቁጠሩ። ሲጨርሱ ጥምጥሙን ያንሱት። እንደተገናኘ ከቀረ ሽቦው ይግላል፣ ባትሪውም ለሚቀጥለው ቅዳሜ አይተርፍም።